የሸዋረጋ አርባ ሰከንድ

ከአምስቱ ፊልሞች አራቱ አቅለሽልሸውኛል። ይህን ለስለስ አድርጌ ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በየዓመቱ የካቲት ላይ ለትልቁ ሽልማት የታጩት አምስት ፊልሞች በጋዜጣ ይወጣሉ። እኔ ዳኛቸው አምስቱንም ገብቼ አያለሁ። ከዚያ የራሴን ደረጃ ከአንድ እስከ አምስት በአንድ ገጽ ወረቀት እጽፍና እዚህ በፈረንጅ አገር፣ የእኛ ሰው በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና ባለው በእትዬ ፅጌ ምግብ ቤት ግድግዳ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ እለጥፈዋለሁ። እጁን ሊታጠብ የመጣ ሁሉ ሳይወድ ያነበዋል። ታክሲ ነጂዎቹ ይከራከሩበታል፣ ተማሪዎቹ ይስቁበታል፤ ግን ፊልም ሊገቡ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ዳኛቸው ምን አለ?" ብለው ነው። ሽልማቱን የሚሰጡት ሰዎች ከእኔ ጋር ተስማምተው አያውቁም። እሱ የእነሱ ችግር ነው።

ሥራዬ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር የሰው መኪና ማቆም ነው፤ ከሰዓት በኋላ እገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኔ ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያው ትርኢት በግማሽ ዋጋ ስለሆነ ሰርግ ብትጠሩኝ፣ ክርስትና ብትጠሩኝ፣ ለቅሶ ብትጠሩኝ አልገኝም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም ድሮ እኮራበት ነበር።

የዚያን ዓመት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1988፣ የታጩትን ፊልሞች ርዕስ አልጠራም፤ ማስታወቂያ ልሠራላቸው አልፈልግም። አንዱ የፍቺ ፊልም ነበር። ባልና ሚስት ባሕር ዳርቻ ላለ ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጣላሉ፣ እኔ ደግሞ ፒያኖው ለማን ይደርስ ይሆን ብዬ እንድጨነቅ ይጠበቅብኛል። ሁለተኛው የጦርነት ነው። የእነሱ ወታደሮች እያንዳንዳቸው እናት አላቸው፣ ደብዳቤ አላቸው፣ በኪሳቸው ፎቶግራፍ አለ። ጠላት የተባሉት ፊት እንኳ አልተሰጣቸውም፤ ከዛፍ ላይ ዱብ ዱብ ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ፈረስ ይታመምና ይድናል። ከተዋናዮቹ ሁሉ ፈረሱ ይሻላል፤ እሱን ግን ያጨው የለም። አራተኛው ላይ ሱፍ የለበሱ ሌቦች ባንክ ያራቁቱና በመጨረሻ አንደኛው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይጸጸታል። በዚህ ከተማ እንኳን ለጸጸት፣ ለጎመን የሚሆን ዝናብ የለም።

አምስተኛው የሐኪሙ ፊልም ነው። ሰማያዊ ዐይን ያለው አንድ ሐኪም ሚስቱ ትተወውና ልቡ ተሰብሮ ረሃብ ወደገባበት አንድ የአፍሪካ አገር ይሄዳል። አገሩ ስም የለውም፤ ሰዎቹም ስም የላቸውም። እነሱ ይሞታሉ፣ የእሱ ልብ ይጠገናል። አገሩ የተባለው በረሃ ከፌርፋክስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ እኛው ነን።

ይህን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ከዓመት በፊት መጋቢት ላይ፣ መንገደኛ ከአየር ማረፊያ በቫን የሚያመላልሰው ጸጋዬ፣ ለፊልሙ ሰዎች አጃቢ ተዋናይ ለማቅረብ ተስማምቶ አርባ ሰው ከፌርፋክስ ጭኖ ወስዶ ነበር። የሒሳብ ምሩቅ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው፣ የነርስ ተማሪዎች። ቡትቶ አልብሰው፣ ፊታቸውን አመድ ቀብተው በረድፍ አስቀመጧቸው። ዮሐንስ የሚባለውን ታክሲ ነጂ ቦርጩን አይተው መለሱት፤ "ለረሃብ አልሆንም አሉኝ" እያለ ምግብ ቤቱን አንድ ወር አሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም።

ስለዚህ የሐኪሙን ፊልም ልገባ ስሄድ ወረቀቱ ላይ አምስተኛ ብዬ ጽፌው ነው የሄድኩት። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን ሬሳ የተደረደረበት ድንኳን መጣ። አንዲት ሴት ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማለች። መጀመሪያ አታለቅስም። ፊቷን ወደ ጎን መልሳ፣ እኛ ወደማናየው ሰው ትመለከታለች፣ የነገራትን ያልሰማች ትመስላለች። አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጎትታ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፣ "እማ" አለች። እንዴት እንዳለችው ልጽፍላችሁ አልችልም። ወዲያው ቫዮሊኑ ገባና ካሜራው ወደ ሐኪሙ ሰማያዊ ዐይን ዞረ።

ሸዋረጋ ነበረች። ፓሳዴና በአንድ ሆስፒታል አንሶላ የምታጥብ፣ እሁድ እሁድ እትዬ ፅጌ ጋ እየመጣች ትበላ የነበረች፣ ሳቅ የሚቀናት ልጅ። በሳምንቱ ተመልሼ ገብቼ በሰዓቴ ለካሁት፤ አርባ ሰከንድ ነው።

እኔ እንባ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ፊልም ያየሁ ሰው ነኝ። በመድኃኒት ጠብታ የመጣውን፣ በሽንኩርት የመጣውን፣ ተዋናይዋ ከውስጧ ቆፍራ ያወጣችውን እለያለሁ ባይ ነኝ። ወረቀቱን ቀደድኩና አዲስ ጻፍኩ፦ "አንደኛ፣ የሐኪሙ ፊልም። ስለ ሐኪሙ አይደለም፤ እሱ ገደል ይግባ። ስለ ሸዋረጋ ወርቁ ትወና ነው። እንዲህ ያለ የማልቀስ ችሎታ በዕድሜዬ አላየሁም።" ከእጅ መታጠቢያው በላይ ለጠፍኩትና ክርክሩን ጠበቅኩ።

የተከራከረኝ የለም። ሰው እጁን ሊታጠብ ይሄዳል፣ ያነባል፣ ዝም ብሎ ይመለሳል። አፋቸውን አስያዝኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። እትዬ ፅጌ ብቻ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጥተው አነበቡና "አውርደው" አሉኝ።

"ለምን እትዬ? ሐሳቤን ነው የጻፍኩት።"

"እኔ ሰው ትመስለኝ ነበር" ብለውኝ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ፊልም የማይወዱ ሴት ናቸው፤ በዚያ ተረጎምኩትና ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ጸጋዬ መጣ። አዲስ ሱፍ ለብሷል። ወረቀቱን ቆሞ አነበበ፣ ሳቀ፣ ሳልጋብዘው ከፊቴ ተቀመጠ። ጾም ነው፤ እሱ ጥብስ አዘዘ።

"ብራቮ ዳኛቸው። አንተ ብቻ ነህ የገባህ። ዳይሬክተሩም እንደዚሁ ነው ያለኝ፤ ቤስት ሲን ኢን ዘ ሙቪ፣ የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ነው ያለኝ። ሶ፣ ያ የማን ሥራ ይመስልሃል?"

"የሸዋረጋ ነዋ።"

"የእኔ ነው" አለ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ። "አሥራ አንድ ጊዜ ሹት አድርገው እምቢ አለቻቸው። ታለቅሳለች ሲባል ትስቃለች፤ ታውቃት የለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ዳይሬክተሩ ጸጉሩን ሊነጭ ነው፣ ነገ ደግሞ ቦታውን ይለቃሉ። ጸጋዬ፣ ዱ ሳምቲንግ፣ አንድ ነገር አድርግ አለኝ። እኔ ደግሞ የእናቷን ነገር አውቃለሁ።"

"የእናቷን ምን?"

"መሞታቸውን ነዋ። ወንድሟ ለእትዬ ፅጌ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ለቅዳሜ ማለዳ ሰው አሰባስበው ሊያረዷት ነበር፤ በቫንህ አድርሰን ተብዬ ነው የሰማሁት። ሶ፣ ካሜራው ሲጀምር ከጎኑ ቆምኩና፣ ሸዋረጋ፣ እናትሽ ሞተዋል አልኳት። በቃ። አንድ ቴክ፤ ባንድ ቀረጻ አለቀ።"

የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሼ አፈጠጥኩበት።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አለ፣ ጥብሱን ሲጎርስበት በነበረው እጁ ወደ እኔ እያመለከተ። "ያው ቅዳሜ ልትረዳ አልነበር እንዴ? በሁለት ቀን ነው የቀደምኳቸው። እሷም በሽልማቱ ምሽት በቲቪ ልትታይ ነው፣ አገራችንም ስሟ ይጠራል።"

አገሩ ስም እንደሌለው ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ከእሱ ጋር አንድ ገበታ ላይ መቀመጤ አስጠላኝ። ጣቶቹ ላይ ያለው ቅባት አስጠላኝ፣ ሱፉ አስጠላኝ፣ ከሁሉ በላይ ግን እኔን ያመሰገነኝ መሆኑ አስጠላኝ። ተነሥቼ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄድኩ። ውሃውን ከፍቼ ቀና ስል የራሴ ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ነው። "እንዲህ ያለ የማልቀስ ችሎታ።" ምሳዬን ሁሉ እዚያው መለስኩት።

ስጠራርግ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ፣ ከዓመት በፊት፣ እትዬ ፅጌ እዚሁ ቦታ ላይ "ቅዳሜ በማለዳ መርዶ አለ፤ ሰው ያንሳልና ና" ብለውኝ ነበር። ከሄድኩ ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ቤት መቀመጤ ነው፤ የመጀመሪያው ትርኢት ሊያመልጠኝ ነው። "ሥራ ነኝ" አልኳቸው። የማን መርዶ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ወረቀቱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ማድ ቤት ገባሁ። እትዬ ፅጌ ሽሮ እያማሰሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

"እትዬ፣ አላወቅኩም ነበር።"

"አውቀህ የጻፍከው ነበር የመሰለኝ።" እሳቱን ቀነሱ። "ያን ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት ሆነን ፓሳዴና ሄድን። ደጇ ላይ ቆመን ብናንኳኳ አልከፍት አለች። ከውስጥ ሆና፣ ሸጣችሁኛል፣ ሂዱልኝ አለችን። ሁላችንም ከጸጋዬ ጋር የመከርን መስሏት ነው። በበሩ ቀዳዳ እየማልኩላት ነበር፤ አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲህ ፌርፋክስን አልረገጠችም። ለእናቷ ማንም አብሯት አላለቀሰም፤ አርባውንም ብቻዋን ነው ያሳለፈችው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"የት አግኝቼህ? አንተ ሰው የምታየው በጨለማ ነው" አሉኝ።

እሁድ ከቀትር በኋላ ፓሳዴና ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ ሰንሰለቱ ሳይፈታ ገርበብ አለ። ሸዋረጋ ከስታለች። ያን ቀን አመድ ሳይቀቧት በፊት ይህን ፊት ቢያገኙ ደስታቸው ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ያንን በማሰቤ ደግሞ ራሴን ተጸየፍኩ።

"አንደኛ አደረግኸኝ አሉ" አለችኝ። አንዲት የነርስ ተማሪ በስልክ ነግራታለች።

"ትወና መስሎኝ ነው፣ ሸዋረጋ። ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት። ወረቀቱን አንሥቼዋለሁ።"

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

"ፊልሙ አሁንም ይታያል?"

"እዚሁ አጠገብሽ ይታያል። ግን አንቺ እሱን ማየት የለብሽም።"

"ውሰደኝ" አለች። "ብቻዬን ሁለቴ ሄጄ ከደጅ ተመልሻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማልቀስ አቅቶኛል፣ ዳኛቸው። ሥራ ቦታ አንሶላ እያጠብኩ፣ ቤቴ ተቀምጬ፣ እሞክራለሁ፣ አይመጣም። ያን ቀን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስሟን መጥራቴን ብቻ አውቃለሁ። እሱን ልስማው። ከሰማሁት የሚመጣልኝ ይመስለኛል።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። አላልኩም፤ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ነዳሁ። 

አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። ከኋላችን ባልና ሚስት ፈንዲሻ ይቆረጥማሉ። ለሃያ ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ያን ቀን ግን አጥንት የሚቆረጥም መሰለኝ። ሐኪሙ ሚስቱን አጣ፣ ሐኪሙ አውሮፕላን ተሳፈረ፣ ሐኪሙ አዘነ። ሸዋረጋ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ የፊቷን ወንበር ጫፍ ይዛለች። ድንኳኑ መጣ። ራሷን አየች፤ ወደ ጎን ስትመለከት፣ አፏ ሲከፈት፣ ነጠላዋን ስታስር። "እማ" አለች በመጋረጃው ላይ። አጠገቤ ያለችው ሸዋረጋ ትንፋሿን ያዘች።

ቫዮሊኑ ገባ። ሰማያዊው ዐይን እንባ ሞላ።

"የት ሄደ?" አለች ሸዋረጋ ጮክ ብላ። ከኋላ ያለችው ሴትዮ እሽሽ አለቻት፤ ባልየው አፍንጫውን እየጠረገ ነበር፤ ለሐኪሙ።

ወጥተን መኪናው አጠገብ ቆምን። ፀሐዩ ዐይን ይወጋል።

"ቆርጠውታል" አለች። "እማ ካልኩ በኋላ ነው ስሟን የጠራሁት። ብዙ ጊዜ ነው የጠራሁት። እሱን ጥለው የሰውዬውን ዐይን አደረጉበት።"

የወር ደመወዝ፣ የአምስት ዓመት ፊልም፣ ያለኝን ሁሉ ብሰጥ ያንን የተጣለ ቁራጭ የማመጣበት መንገድ የለም። ልናገር የምችለው ነገር ፍለጋ አእምሮዬን ሳስስ፣ ከዓመት በፊት ልላት የሚገባኝን ቃል እንኳ እስካሁን እንዳላልኳት ገባኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። ከዚያ ጠየቅኳት።

"ማን ነበር ስማቸው?"

"ሰርክአዲስ" አለች። በደረቁ ነው ያለችው፣ ለመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስም እንደምታስመዘግብ። "ቅዳሜ ዓመቷ ነው።"

እየነዳሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እነ እትዬ ፅጌ እንዳልሸጧት፣ ጸጋዬ ብቻውን እንዳደረገው፣ እኔ ያን ቅዳሜ የት እንደነበርኩ። የእኔን ስነግራት ወደ መስኮቱ ዞረች። ቤቷ ስንደርስ ስትወርድ "እንዳልሸጡኝ ካወቅኩ ቆይቻለሁ" አለች። "ግን በር ከዘጋሁባቸው በኋላ በየት በኩል ልመለስ?"

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከእጅ መታጠቢያው በላይ አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ። "የሸዋረጋ ወርቁ እናት የወይዘሮ ሰርክአዲስ ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው። ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ፓሳዴና ደጃፏ ላይ እንገናኝ። ያን ጊዜ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ፣ እባካችሁ እንደገና ኑ። ያን ጊዜ ያልሄድኩት እኔ ነኝ። ዳኛቸው።" ሰው እጁን እየታጠበ አነበበ። እትዬ ፅጌ አነበቡና አውርደው አላሉኝም።

ቅዳሜ ሃያ ስድስት ሆነን ደረጃው ላይ ቆምን። ቦርጫሙ ዮሐንስ ጥቁር ኮት ለብሶ መጥቷል። ጸጋዬም ቫኑን አቁሞ ወደ እኛ ሲመጣ እትዬ ፅጌ ከደረጃው ሥር አስቀሩት። አልተቆጡትም፤ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ብቻ ነው ያስቀሩት። እኔን አሳለፉኝ። ለምን እንዳሳለፉኝ እስካሁን አልገባኝም።

ሲያንኳኩ በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሰንሰለቱ አልነበረም። ሸዋረጋ በሌሊት ልብሷ ቆማ ሁላችንንም አየች።

የሙት ዓመት ጸሎት የሚደረግ መስሎኝ ነበር። እትዬ ፅጌ ግን ወደ ፊት ራመድ ብለው፣ ዛሬ ገና እንደ ሰሙ፣ ደብዳቤው ትናንት እንደ ደረሰ ሆነው፣ ሁለት እጇን ያዙና ባልተቸኮለ ድምፅ አረዷት።

"ልጄ ሸዋረጋ፣ እናትሽ አርፈዋል።"

 እጇን አስለቅቃ ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፤ ከሁለት ወገን ያዟት። ዮሐንስ በወፍራም ድምፁ ለቅሶውን ጀመረላት፣ ሴቶቹ ተቀበሉት፣ በመካከል የእሷ ድምፅ ወጣ። ሰርክአዲስ አለች። ሰርክዬ፣ እናትዬ፣ ሰርክአዲስ አለች። ጎረቤት ፈረንጆች በር ከፍተው አይተው ዘጉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ፣ ማልቀስ እንኳ የማልችል ሰው መሆኔን አየሁ።

ሰዓቴን አልተመለከትኩም። የእናቷን ስም ጠርታ እስክትጨርስ ማንም አላቋረጣትም።